«እኛ» የምንለው ማንን ነው?
ስለ ቡድንና ስለ ጉርብትና የተደረገ ምርምር ለይፋት ቆላ ወጣት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው አንድ አጭር ቃል ነው። ቃሉም «እኛ» የሚለው ነው። «እኛ ቤት»፣ «እኛ ሰፈር»፣ «የእኛ ሰው» እያልን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራው ቆጥረን አናውቅም። ይሁን እንጂ ቃሉ በተነገረ ቁጥር አንድ አጥር አብሮ ይቆማል። አንዳንዱ ሰው ከአጥሩ ውስጥ ይሆናል፤ አንዳንዱም ከውጭ ይቀራል። ይህ አጥር አንዳንድ ጊዜ ሰፍቶ አገር ሙሉ ሰው ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጠብቦ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰነውን ጎረቤት እንኳ ያስወጣል። የሚያሰፋውና የሚያጠብበው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን እያገናኘ ያልፋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ አማራ፣ ኦሮሞና አርጎባ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተሰባጥሮ ይኖራል። ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲሉም የአፋር ምድር ይገኛል። በዚሁ መንገድ ላይ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፣ ኋላም በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ብዙ ደም ፈሰሰ። ከአማራውም ከኦሮሞውም ወገን ሰው ሞተ፤ የአጣዬ ከተማ ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «አብረን ስንበላና ስንጠጣ የኖርን ሰዎች እንዴት እንዲህ ሆንን?» ይላል።

በዚህ ጽሑፋችን የማን ጥፋት ይበልጣል ብለን አንፈርድም። የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለ ቡድን ጠብና ዕርቅ ያገኙትን ተመልክተን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር እንፈልጋለን። በውጭ አገር ለተደረገው የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

1. በጥቂት ነገር የሚቆም አጥር

ሄንሪ ታጅፌል በ1919 በፖላንድ አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄደው ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በፈረንሳይ ጦር ተሰልፈውም በጀርመኖች ተማረኩ። ከፖላንድ የመጡ አይሁዳዊ መሆናቸው ቢታወቅ ኖሮ በሕይወት ባልቆዩም ነበር። ስለዚህ ይህን ሰውረው እንደ ማንኛውም የፈረንሳይ ምርኮኛ ጦርነቱን አሳለፉ። ወደ ነጻነት ሲወጡ ግን ከቅርብ ቤተ ዘመዶቻቸው አንድም የሚጠብቃቸው አልነበረም፤ ሁሉም ተገድለው ነበር። ታጅፌል ከዚያ በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በመርዳት ሥራ ላይ ቆዩ፤ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ሥነ ልቡና ተማሩና በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። እስካረፉበት እስከ 1982 ድረስ የመረመሩት አንድ ነገር ነበር። ሰው ለማያውቀው ሰው የሚወስነውን ውሳኔ «የማን ወገን ነው?» የሚለው ብቻ እንዴት ይለውጠዋል? የሚል ነው።

በ1970 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነበር። ዕድሜያቸው አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆኑ የአንድ ትምህርት ቤት ወንዶች ልጆች ተሰበሰቡ። በመጋረጃ ላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ነጠብጣቦች እየታዩ ስንት እንደሆኑ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ከዚያ «አንተ አብዝተው ከሚገምቱት ወገን ነህ»፣ «አንተ አሳንሰው ከሚገምቱት ወገን ነህ» ተባሉ። በእውነቱ ግን ክፍፍሉ ዕጣ እንደ መጣል ያህል ነበር። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሆኖ ለሌሎች ልጆች ጥቂት ሳንቲም እንዲያከፋፍል ታዘዘ። ለራሱ አንዳች አያገኝም። የሚሰጠውን ሰው ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥሩንና ወገኑን ብቻ ነው።

ልጆቹ ከዚያ በፊት ጠብ አልነበራቸውም። የሚካፈሉት መሬት፣ የሚወራረሱት ቂምም የለም። ሆኖም ብዙዎቹ ለገዛ ወገናቸው አደሉ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሌላ ነው። አንደኛው ምርጫ ለወገን 19፣ ለሌላው 25 የሚሰጥ፤ ሌላኛው ምርጫ ደግሞ ለወገን 7፣ ለሌላው 1 የሚሰጥ ሆኖ ሲቀርብ፣ ልጆቹ የወገናቸው ትርፍ ቢያንስም እንኳ ሌላውን ወደሚበልጡበት ወደ ሁለተኛው አዘነበሉ። ይኸውም ከማግኘት ይልቅ መብለጥን መረጡ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው አጥር ለማቆም የሺህ ዓመት ታሪክ እንደማያስፈልግ ነው። ሰው ክብሩን ከወገኑ ክብር ጋር ያያይዛል። ወገኔ ከሌላው በለጠ ሲል እርሱም ከፍ ያለ ይመስለዋል። ታጅፌልና ባልደረባቸው ጆን ተርነር በ1979 ያቀረቡት ስለ ማኅበራዊ ማንነት የሚናገር ትምህርት መሠረቱ ይህ ነው። ስለዚህ ቆጥረንና አስልተን የማናደርገውን ነገር፣ ለራሳችን አንድ ሳንቲም የማይገባበትን አድልዎ «ለወገን ነው» ሲባል ልናደርገው እንችላለን። ማንኛችንም ከዚህ ፈተና ነጻ ነኝ አይበል።

2. አብሮ መብላት ያልፈታው ጠብ

እንግዲህ አድልዎ በጥቂት ነገር የሚጀምር ከሆነ ወደ ጠብ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ይህን የመረመሩት ሙዛፈር ሸሪፍ የተባሉ በቱርክ አገር የተወለዱ ሊቅ ናቸው። በልጅነታቸው በ1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚርን ሲይዝ ሰው ሲገደል በዓይናቸው አይተዋል።

ሸሪፍ በ1954 የክረምት ዕረፍት በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ደናማ ስፍራ 22 ልጆችን አሰፈሩ። ልጆቹ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ፣ በኑሮም በሃይማኖትም ተመሳሳይ ነበሩ። በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን «ንስሮች»፣ ሌላው «እባቦች» ተባሉ። በመጀመሪያ ተለያይተው ሰነበቱ፤ ከዚያም ሽልማት ባለበት ውድድር ተገናኙ። ሽልማቱን የሚወስደው አንዱ ወገን ብቻ ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ስድብ ተጀመረ፤ ባንዲራ ተቃጠለ፤ ሌሊት እየተነሡ የሌላውን መኝታ ቤት ማመሰቃቀል መጣ። ደህና ቤት ያደጉ ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ባላንጣ ተያዩ።

ከዚህ በኋላ ሊቁ ማስታረቂያ መፈለግ ጀመሩ። መጀመሪያ ያደረጉት ማንም የሚያስበውን ነው። ሁለቱን ወገኖች በአንድ አዳራሽ አብልተው፣ ፊልምም አብረው እንዲያዩ አደረጉ። ነገር ግን ልጆቹ በማዕዱ ላይ ምግብ ተወራወሩ እንጂ አልታረቁም።

ቀጥሎ የሠፈሩ ውኃ ተቋረጠ። ውኃው የሚመጣው በተራራው ላይ ካለው ታንከር ነበርና ሁሉም ተጠማ። የትኛው ወገን ብልሽቱን እንደሚያገኝ ስላልታወቀ ሁለቱም መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ የተደፈነውንም ቧንቧ ተባብረው ከፈቱ። በሌላ ቀን ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣ አለ። ልጆቹም ቀድሞ በገመድ ጉተታ የተፎካከሩበትን ያንኑ ገመድ አምጥተው፣ ሁለቱም ወገን በአንድ በኩል ሆነው መኪናውን ጎተቱት። እንዲህ ያለ ሥራ ተደጋግሞ ሲመጣ ስድቡ እየቀነሰ ሄደ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ ለመሄድ ራሳቸው ጠየቁ፤ «እባቦች» በውድድር ባገኙት አምስት ዶላርም ለሁሉም የሚጠጣ ገዙ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። «አብረን በልተናል፣ አብረን ጠጥተናል» የምንለው እውነት ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ማዕድ ብቻውን በክፉ ቀን አያስጥልም። የሚያስጥለው አንዱ ያለ ሌላው የማይፈጽመው ሥራ ነው።

3. አላጣላ ያሉ ልጆች

ሸሪፍ ከዚህ ሙከራ አንድ ዓመት አስቀድመው፣ በ1953፣ በኒውዮርክ ግዛት ተመሳሳይ ሙከራ ጀምረው ነበር። ያ ሙከራ ግን ሳይሳካ ተቋረጠ፤ እርሳቸውም ብዙ አልጻፉበትም። ጂና ፔሪ የተባሉ ጸሐፊ የዚያን ጊዜ መዛግብት መርምረው በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪኩን አውጥተውታል።

በዚያ ሠፈር ልጆቹ ከመከፋፈላቸው በፊት ተዋውቀው ነበር። ከተከፋፈሉ በኋላ ልብሳቸው ተደባልቆ፣ ድንኳናቸው ተበላሽቶ ቢያገኙት ወዲያው አልተደባደቡም። ተጠያይቀው፣ ያኛውም ወገን እንዳላደረገው አምነው፣ «ይህን የሚያደርጉት ትልልቆቹ ሰዎች ይሆናሉ» ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬያቸውም ትክክል ነበር።

ይህ ለወጣት ታላቅ ትምህርት ነው። ሁለት ነገር አዳናቸው። አንደኛው ቀድሞ መተዋወቃቸው ነው። ሁለተኛው ወሬው በመጣ ጊዜ ሄደው መጠየቃቸው ነው። በዛሬ ዘመን አንድ ያልተጣራ ወሬ ወይም ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው የቀረበ ሥዕል በስልክ ከመንደር መንደር ለመድረስ የአንድ ደቂቃ ዕድሜ ይበቃዋል። «እገሌ ሰፈር እንዲህ ሆነ» ሲባል በዚያ ሰፈር ደውለን የምንጠይቀው አንድ የምናምነው ሰው ከሌለን፣ ወሬውን ያመጣው ሁሉ ጌታችን ይሆናል።

4. አጥሩን ማስፋት ይቻላልን?

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ልዩነት ሁሉ ይጥፋ» ይል ይሆናል። ምርምሩ የሚያሳየው ግን ይህን አይደለም። በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙትን እንመልከት። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ፣ በመንገዳቸው ላይ አንድ ሯጭ ወድቆ ሲያቃስት ያገኙታል። ሯጩ አንዳንድ ጊዜ የማንቸስተርን፣ አንዳንድ ጊዜ የባላንጣውን የሊቨርፑልን፣ አንዳንድ ጊዜም ምልክት የሌለው ማልያ ለብሷል። ደጋፊዎቹ አስቀድሞ ስለ ማንቸስተር ፍቅራቸው ሲጽፉ ከነበረ፣ የማንቸስተርን ማልያ የለበሰውን ከሌሎቹ ይበልጥ ረዱ። አስቀድመው የእግር ኳስ ወዳጅ ስለ መሆን ሲጽፉ ከነበረ ግን የሊቨርፑሉንም እንደ ራሳቸው ወገን አነሡት። ማንቸስተርን መደገፋቸውን አልተዉም፤ ሰፋ ያለ ሌላ «እኛ» ብቻ ትዝ አላቸው። ምልክት የሌለውን ግን በሁለተኛውም ጊዜ ያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አጥር በሰፋ ጊዜም ከውጭ የሚቀር አለና እርሱንም ማሰብ ያስፈልጋል።

እኛ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር የኖርን ነን። በዚያ ታሪክ የወደቀውን ያነሣው ከማይዋደዱት ሕዝብ የሆነው ሰው ነበር። ሊቃውንቱ በሙከራ የጠየቁት ጥያቄም ከዚያው ጋር ይገናኛል።

ደም ከፈሰሰ በኋላስ ይህ ይሠራል? ሰልማ ሙሳ የተባሉ ተመራማሪ በሰሜን ኢራቅ በጦርነት ከቀያቸው በተፈናቀሉ ክርስቲያኖች መካከል የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጁ። አንዳንዱ ቡድን ክርስቲያን ብቻ ሆነ፤ በአንዳንዱ ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩ። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ተቀላቅለው የተጫወቱት ክርስቲያኖች ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ይለማመዱ ነበር፤ በሌላ ቡድን ላለ ሙስሊም ተጫዋችም የመልካም ጠባይ ሽልማት ድምፅ ይሰጡ ነበር። ከሜዳ ውጭ ለማያውቁት ሙስሊም ያላቸው ስሜት ግን እምብዛም አልተለወጠም። እንግዲህ ኳስ ብቻውን አገር አያስታርቅም። ቢሆንም የጎን ጓደኛን ያስገኛል፤ ከላይ እንዳየነው በክፉ ቀን ደውለን የምንጠይቀው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

5. ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

ጎርደን ኦልፖርት የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ በ1954 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሁለት ወገን መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው ብለዋል።

ሀ. በግንኙነቱ ውስጥ ሁለቱም እኩል ሲሆኑ፣
ለ. የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣
ሐ. ግቡን ተባብረው ሲሠሩበት፣
መ. ሹምና ሽማግሌ፣ ሕግና ልማድ ሲደግፋቸው።

ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉ ሊቃውንት በ2006 515 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ አራቱ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጥ እንደሚጠቅም አረጋግጠዋል።

አሁን የራሳችንን ኑሮ በዚህ ሚዛን እንመዝን።

የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን፣ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን የሚያገናኝ የቆየ ገበያ ነው። ይሁን እንጂ ገዢና ሻጭ ዋጋ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ማታ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ገበያ መተዋወቅን ይሰጣል፤ የጋራ ግብ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። መንገድ በተዘጋ ጊዜም መጀመሪያ የሚበተነው እርሱ ነው።

በሠርግና በለቅሶ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ታርዶ፣ በሁለት ድስት ተሠርቶ፣ በአንድ ዳስ መብላት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ይህ የሚያስተምረን አጥር ሳይፈርስ በር ሊኖረው እንደሚችል ነው። ማንም ሃይማኖቱን ሳይተው ተከባብሮ ይስተናገዳል። ነገር ግን የሸሪፍን ልጆች ማዕድ እናስታውስ። ድስቱን ያጸናው ከድስቱ በስተጀርባ ያለው ደቦ፣ ዕድርና ሽምግልና ነበር። እነዚያ ሲላሉ ማዕዱ ብቻውን ይቀራል።

መስኖን እንመልከት። የጀውሃ፣ የሮቢና የአጣዬ ወንዞች ከደጋው ወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በላይ ያለው ቢገድበው በታች ያለው ይጠማል። ቦይ ሲሞላ በአንድ ሰው ጉልበት አይጠረግም፤ ተራም ያለ የውኃ አባት አይከበርም። በዚህ ሥራ እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ መተባበርና የሽማግሌ ሥልጣን አራቱም አሉ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያው ውኃ «ለእኔ ወይም ለአንተ» ከተባለ የጠብ ምንጭ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በአከፋፈሉ ሥርዓት ላይ ነው።

የበረሃ አንበጣንም አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መንጋው የሰሜን ሸዋን ቆላ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንንና የአፋርን ምድር ሲወርር የማንንም ቋንቋ አልጠየቀም። ማሽላውንና ጤፉን እኩል በላ። ገበሬውም ቆርቆሮ እየመታና እየጮኸ አብሮ ተከላከለ። ሆኖም ጥቂት ወራት ቆይቶ ያ የመጋቢት ጠብ መጣ። ለምን ብለን ብንጠይቅ፣ ሸሪፍም ልጆቹን ያስታረቁት በአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። የጋራ ሥራ በመከራ ቀን መጥቶ በመከራው ማለቂያ የሚያበቃ ከሆነ ፍሬው አይጸናም፤ ተደጋጋሚና የታወቀ ቀጠሮ ያለው መሆን አለበት።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ስለ ብሔረሰቦች የሚሰጥ ጅምላ ግምትንና በልብ መቀራረብን አጥንተዋል። የዚህ ዓይነት ጥናት ወጣቱን የመረጠው በከንቱ አይደለም። ስለ ሌላው ሕዝብ የሰማነውን ሁሉ እንደ እውነት ይዘን የምንቀረው፣ ወይም መርምረን የምንተወው በዚህ ዕድሜ ነውና።

ማጠቃለያ

ካየነው ሁሉ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ አድልዎ በጥቂት ነገር የሚጀምር ስለሆነ ማንም ከራሱ ይጀምር። ሁለተኛ፣ አብሮ መብላት መልካም ቢሆንም አይበቃም፤ ከሌላው ወገን ወጣት ጋር ዘወትር የምንሠራው፣ ያለ እርሱ የማይሆንልን አንድ ሥራ እንፈልግ። ቦይ መጥረግ፣ ችግኝ መትከል፣ የአቅመ ደካማ አጨዳ፣ በጋራ የምናስጠናው ክፍል፣ የኳስ ቡድን፣ ከነዚህ አንዱ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ወሬ ሲመጣ ከማስተላለፋችን በፊት በዚያ ሰፈር ያለውን ወዳጃችንን እንጠይቅ። ወዳጅ ከሌለን ደግሞ ሳይመሽ ዛሬ እናፍራ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉት አባቶቻችን ጎረቤቱ የማን ወገን እንደሆነ ለይተው አልተናገሩም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዚህ ሳምንት «እኛ» ያልንባቸውን ጊዜያት እናስታውስ። ማንን አስገባን? ማንንስ አስወጣን?
2. የታጅፌል ልጆች ከማግኘት ይልቅ መብለጥን መረጡ። በሰፈራችን ሁላችንም እየጎዳን ሌላውን ለመብለጥ ብቻ የምናደርገው ነገር አለን?
3. ከሌላው ወገን በጎረቤትነት፣ በሥራ ባልደረባነት፣ በቅርብ ወዳጅነት እስከ የትኛው ድረስ እንቀበላለን? የምንቆምበትን ስፍራ እያንዳንዳችን በልባችን እንመልስ፤ ምክንያቱንም እንመርምር።
4. አራቱን የኦልፖርት ነገሮች የሚያሟላ፣ በሚቀጥለው ወር ልንጀምረው የምንችል አንድ የጋራ ሥራ ምን ይሆናል? ማንንስ ሽማግሌ እናማክር?

የሰላም አምላክ ለአካባቢያችን ሰላምን ይስጥልን።